ሁሉም 100 ዋት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አንቴና፦ በማሳቹሴትስ የተካሄደ የ24 ሰዓት የሬዲዮ ውድድር የጉዳይ ጥናት

ቅዳሜና እሑድን ሬዲዮ ላይ ተጥዶ የሚያሳልፍ ሰው ሁሉ አንድ ክርክር ያውቃል። ውጤት በወጣ ቁጥር ይነሳል። አንደኛ የወጣው ሰው ጎበዝ ስለሆነ ነው ወይስ ኮረብታ ላይ የቆመ ረጅም ታወር ስላለው? ባለ ትልቁ አንቴና «ችሎታ ነው» ይላል። በረንዳው ላይ ሽቦ ዘርግቶ የሚሞክረው ደግሞ «እኔም ያንን አንቴና ባገኝ ታዩኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 እና 13 ቀን 2014፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 እና 6 ቀን 2006፣ ይህን ክርክር በተግባር ለመፍታት የተሞከረበት ቅዳሜና እሑድ ነበር። ቦታው አሜሪካ፣ ምሥራቃዊ ማሳቹሴትስ ነው። 59 ቡድኖች፣ በየቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ሆነው ድንኳን ውስጥ ገቡና ለ24 ሰዓት ተወዳደሩ። የሁሉም አንቴና አንድ ዓይነት ነው። የሁሉም ኃይል ከ100 ዋት አይበልጥም። ሁሉም ያሉት በአንድ አካባቢ ነው። ውድድሩ የዓለም የሬዲዮ ስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና ይባላል።

ይህን ውድድር የመረጥኩት ውድ ዕቃ ከጨዋታው ሲወጣ ምን እንደሚቀር ስለሚያሳይ ነው። እኔ እንደማምነው የሚቀረው የየደቂቃው ውሳኔ ነው። አሁን እዚሁ ልቆይ ወይስ ልሂድ? ይህ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው፤ ገንዘብ አይገዛውም። ለአንድ አነስተኛ ክበብ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች ያለ አይመስለኝም።

በተለመደው ውድድር ማን ከማን ጋር ይወዳደራል?

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለፍቅሩ ሲሉ በተመደበላቸው ሞገድ የሚገናኙበት ነው። በአዘቦት ቀን ወሬው ሊረዝም ይችላል። በውድድር ጊዜ ግን ወሬ የለም። በተወሰነው ሰዓት ውስጥ የተቻለውን ያህል ብዙ ጣቢያ፣ በተቻለ መጠንም ከብዙ አገር ማግኘት ነው ግቡ።

ከሁሉም ትልቁ ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለው ነው። ከ1948 ጀምሮ ይካሄዳል። የድምፁ ውድድር በኦክቶበር፣ የሞርሱ (በነጥብና በጭረት የሚላከው) ደግሞ በኖቬምበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላል። 48 ሰዓት ይፈጃል። በዓለም አቀፉ ሰዓት ቅዳሜ በዜሮ ሰዓት ስለሚጀምር አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው።

ነጥቡ የሚሰላው በማባዛት ነው። እያንዳንዱ ግንኙነት ነጥብ አለው። ከዚያ በየባንዱ፣ ማለትም በየሞገድ ክልሉ፣ የተገኙት አገሮችና ዞኖች (ዓለም ለውድድሩ የተከፋፈለባቸው ክልሎች) ተቆጥረው የነጥቡን ድምር ያባዙታል። ማባዣ የሚባሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ሙኒክንና አዲስ አበባን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሙኒክ ያለ ሰው አንድ ጣሊያናዊ ሲያገኝ 1 ነጥብ ይይዛል፤ ሁለቱም አውሮፓ ናቸውና። አዲስ አበባ ያለው ያንኑ ጣሊያናዊ ሲያገኝ አህጉሩ ስለሚለይ 3 ነጥብ ነው። በዚያ ላይ ጀርመን አየር ላይ ሞልታለች። ኢትዮጵያ ግን በየውድድሩ የምትገኝ አይደለችም። ያለችበት 37ኛው የሲኪው ዞን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ሞዛምቢክን ጨምሮ፣ ከአውሮፓ ጋር ሲተያይ ጥቂት ጣቢያ ብቻ የሚሰማበት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውና የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ የሆነው፣ በውድድር ቀን ብቅ ሲል ሰው ይረባረብበታል። ለሚጠራው ሁሉ በአንድ ጥሪ ሁለት ማባዣ ነው፤ አገርም ዞንም።

ይህ የአዲስ አበባ ዕድል ነው። ዕድሉን የሚበላ ነገርም አለ። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። መብራት ይሄዳል። የከተማው የኤሌክትሪክ ጫጫታ፣ ከርካሽ አምፖልና ከቻርጀር የሚወጣው ሳይቀር፣ ደካማውን ሲግናል ይውጠዋል። ሙኒክ ያለው ደግሞ ምናልባት ከከተማ ወጣ ብሎ 30 ሜትር ታወር አቁሟል። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ውጤት አስተያይቶ «ይኼኛው ይበልጣል» ማለት አይቻልም። መለኪያው ሰውን ከቦታ አይለይም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1990 ሲያትል ላይ ተደረገ። ቀጥሎ 1996 ሳን ፍራንሲስኮ፣ 2000 ስሎቬኒያ፣ 2002 ፊንላንድ፣ 2006 ብራዚል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ምርጥ ኦፕሬተሮችን ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድ አካባቢ ማወዳደር። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ግን እንግዶቹ የሚሠሩት በአካባቢው አማተሮች ቤት ነበር። ቤት ደግሞ ከቤት ይለያል። የአንዱ ግቢ ከፍታ ላይ ነው፣ የሌላው በዛፍ ተከቧል። እንዲያም ሆኖ በ1996፣ በ2000 እና በ2002 በተከታታይ ያሸነፈው አንድ ቡድን ነው፤ ሁለት አሜሪካውያን። በሦስት አገር፣ በሦስት የተለያየ ጣቢያ። ይህን አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

በ2010 ሞስኮ አቅራቢያ ትልቅ እርምጃ ተወሰደ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት አንቴና ቆመ። ማሳቹሴትስ የተከተለው ይህን መንገድ ነው።

ድንኳኑ፣ ታወሩ፣ ጄኔሬተሩ

በየድንኳኑ አጠገብ 12 ሜትር ገደማ የሚደርስ ታወር ቆሟል። አናቱ ላይ ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር ባንድ የሚሠራ የሚሽከረከር አንቴና አለ። ለ40 እና ለ80 ሜትር ደግሞ ከታወሩ ወደ ታች የተዘረጋ ሽቦ። መብራቱ ከጄኔሬተር ነው። ሬዲዮውን፣ ኮምፒውተሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ብዙዎቹ ይዘው የመጡት ኢሌክራፍት ኬ3 የሚባለውን ሬዲዮ ነበር።

12 ሜትር ሲባል ብዙ ይመስላል። አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደው ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳይል ሲነሳ ነው። አንቴናው ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ዝቅ ካለ ኃይሉ ወደ ላይ ይባክናል። በ20 ሜትር ባንድ ላይ 12 ሜትር ከፍታ ማለት የሞገዱ 0.6 ያህል ነው፤ ዋናው ጨረር ከአድማስ 25 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይወጣል። በ10 ሜትር ባንድ ያው ታወር ጨረሩን ወደ 12 ዲግሪ ያወርደዋል። እንግዲህ ቡድኖቹ የያዙት አንቴና በከፍተኛዎቹ ባንዶች ጥሩ፣ በ20 ሜትር መካከለኛ፣ በ80 ሜትር ደግሞ ደካማ ነው። 100 ዋቱም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ለአማተር ከሚፈቀደው 1,500 ዋት 15ኛው እጅ ነው።

ቡድኖቹ በየሜዳውና በየጫካው ዳር ተበትነው ነበር። ብዙ ድንኳን የተተከለባት አንዷ ቦታ ዴቨንስ ናት፣ የቀድሞው የጦር ሰፈር፤ ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ ታውቋት ይሆናል። ከባዱ ሥራ ታወር ማቆም አልነበረም። መሬቱን እኩል ማድረግ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ፣ በአውሮፓ አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርድ መሬት ላይ ያለ አንቴና ሜዳ ላይ ካለው ይሻላል፤ ፊት ለፊቱ ጉብታ ያለበት ይጎዳል። አዘጋጆቹ ቦታዎቹን ሲመርጡ የመሬቱን አቀማመጥ በኮምፒውተር እያሰሉ የጎላ ብልጫ ወይም ጉዳት ያለበትን ለመተው ሞከሩ። ይህን ሁሉ የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ለዓመታት ለፉ። አማተሮች ለውድድር ያላቸውን ፍቅር ለማየት ይህ ብቻ ይበቃኛል።

ሁለት ነገር ደግሞ በዕጣ ተወሰነ። አንደኛው የትኛው ቡድን የት ድንኳን እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው የጥሪ ምልክቱ፣ ጣቢያው አየር ላይ የሚጠራበት ስም ነው። እያንዳንዱ ቡድን ለዚያ ቀን ብቻ የሚሠራ አጭር ምልክት ተሰጠው፤ ኬ1፣ ኤን1 ወይም ደብሊው1 ብሎ ጀምሮ በአንድ ፊደል የሚያልቅ። ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰዓት በምሥጢር ተያዘ። ምክንያቱ ተገቢ ነው። አንድ ታዋቂ ኦፕሬተር በራሱ ስም ቢጠራ የአገሩ ልጆች ሁሉ እሱን ብቻ ፈልገው ነጥብ ይሰጡታል። ስለዚህ ማን የት እንዳለ ዓለም እንዳያውቅ ተደረገ። በየድንኳኑ ውስጥም ዳኛ ተቀምጦ በጆሮው ይከታተል ነበር።

አሥራ አምስት ሰከንድ

ውድድሩ የተጀመረው ቅዳሜ በዓለም አቀፉ ሰዓት 12፡00 ነው። ለማሳቹሴትስ ጠዋት፣ በእኛ አነጋገር 2 ሰዓት። ለአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት። ለብቻው የተዘጋጀ ውድድርም አልነበረም። በየዓመቱ በጁላይ ሁለተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ከሚደረገው የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት የ24 ሰዓት ሻምፒዮና ጋር አብሮ ነው የተካሄደው። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ ያሉት 118 ሰዎች የሚያገኙት እርስ በርሳቸውን ብቻ ሳይሆን ከየቤቱ የሚሳተፈውን የዓለም አማተር ሁሉ ነው።

አንድ የሞርስ ግንኙነት ቀረብ ብለን እንየው። የማሳቹሴትሱ ቡድን «ቴስት» (የውድድር ጥሪ ነው) ብሎ ምልክቱን ይልካል። ለጥቂት ቅጽበት ያዳምጣል። በዚያች ቅጽበት ስድስት ሰባት ሰው በአንድ ላይ ምልክቱን ይልካል፤ አንዱ ጎላ ብሎ፣ ሌላው እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ከጎን ባለው ፍሪኩዌንሲ ተከልሎ። ኦፕሬተሩ ከመካከላቸው አንዱን ሙሉ በሙሉ ይይዝና ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ሳለ መልሱ ይወጣል። የዚያ ሰው ምልክት፣ ቀጥሎ 599፣ ቀጥሎ 8። 599 የሲግናል ጥራት ነው። 8 ማሳቹሴትስ ያለችበት የአይቲዩ ዞን ነው፤ አይቲዩ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፣ የዞን አከፋፈሉም ከሲኪው ይለያል። አዲስ አበባ ብትሆን የምትመልሰው 599 48 ነው። ከዚያ ሁለት ፊደል ምስጋና፣ የራስ ምልክት፣ አለቀ። ቀጣዩ ይገባል።

599ም ቢሆን ሙሉውን አይላክም። 9 በሞርስ አራት ጭረትና አንድ ነጥብ ነው። ኤን የምትባለው ፊደል ግን አንድ ጭረትና አንድ ነጥብ ብቻ ነች። ስለዚህ ሁሉም 9ኙን በኤን ተክቶ «5ኤንኤን» ይላል። የሚተርፈው ጊዜ ከሁለት ሰከንድም ያነሰ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ግንኙነት ሲደረግ ግን ያ ሽርፍራፊ ተጠራቅሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ ግንኙነት በ15 ሰከንድ ካለቀ በሰዓት 240 ይደርሳል። ማንም 24 ሰዓት ሙሉ በዚህ ፍጥነት አይሄድም፤ ጎበዞቹ ግን አየሩ በተከፈተላቸው ሰዓት 200 ያልፋሉ።

ሒሳቡ የሚሠራው ጭንቅላት ውስጥ ነው

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

አንድ ቡድን እስካሁን 10,000 ነጥብና 200 ማባዣ ይዟል እንበል። ውጤቱ 2,000,000 ነው። አሁን ከአውሮፓ አንድ ተራ ግንኙነት ቢጨምር፣ በዚህ ሻምፒዮና ሕግ ከሌላ አህጉር 5 ነጥብ ስለሆነ፣ ውጤቱ በ5 ጊዜ 200፣ ማለትም በ1,000 ያድጋል። አንድ አዲስ ማባዣ ቢያገኝ ግን 10,000 ነጥቡ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ስለሚባዛ ውጤቱ በ10,000 ይጨምራል። አንድ ማባዣ አሥር ግንኙነት ያህል ዋጋ አለው ማለት ነው።

ታዲያ ማባዣ ብቻ ማሳደድ ነዋ? አይደለም። ቡድኑ በሰዓት 180 ግንኙነት እየሠራ ከሆነ በደቂቃ ሦስት ነው። አንድ ማባዣ ፍለጋ አራት ደቂቃ ከፈጀ 12 ግንኙነት ጠፋ፤ ኪሳራ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 60 ሲወርድ ግን አራት ደቂቃ የሚያስከፍለው አራት ግንኙነት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፍለጋው ያዋጣል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ማባዣው በበዛ ቁጥር የተራው ግንኙነት ዋጋ ከፍ ይላል፤ ነጥቡ በበዛ ቁጥር የማባዣው ዋጋ ከፍ ይላል። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ የሚሠራ የለም። በደም ሥር የገባ ነገር መሆን አለበት።

ሁለት ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንዱ አንድ ፍሪኩዌንሲ ይዞ ይጠራል። ሌላው በሌላ ባንድ ላይ እየዞረ ያልተገኘ አገር ያድናል። የተያዘ ፍሪኩዌንሲ ንብረት ነው፤ ለሁለት ደቂቃ ከተተወ ሌላ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚጠራው ቦታውን ሳይለቅ የሚያድነው ውጤቱን ማሳደግ አለበት። የተካኑት አንድ ተጨማሪ ዘዴ አላቸው። ብርቅ የሆነ ጣቢያ በ20 ሜትር ሲገኝ «15 ላይ ትመጣልኛለህ?» ብለው ፍሪኩዌንሲ ይሰጡታል። ያ ሰው እሺ ካለ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ማባዣ ተገኘ። ከተቻለም ወደ 10 ሜትር ያሻግሩታል። ይህን ለመጠየቅ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ጀርባው ላይ የሚጠብቅ ሰልፍ እያለ ነው የሚጠየቀው። በእኔ ግምት ጥሩውን ኦፕሬተር ከምርጡ የሚለየው ይህን ጥያቄ መቼ እንደሚጠይቅና መቼ እንደሚተው ማወቁ ነው።

ሌሊቱ

ፀሐይ የዚያን ዓመት ከፍተኛ ደረጃዋ ላይ ነበረች። 24ኛው የፀሐይ ዑደት (ነጠብጣቧ የሚበዛበትና የሚያንስበት የ11 ዓመት ገደማ ዙር) ጫፍ የነካው በኤፕሪል 2014 ነው። ጫፍ ላይ መሆን ግን በየቀኑ ጥሩ አየር ማለት አይደለም። ከውድድሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 17፣ የፀሐይ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ነጠብጣብ ሲቀንስ ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው 10 ሜትር ነው። ኦፕሬተሩ አምና የሠራለትን ዕቅድ ይዞ ቢገባ አየሩ አይታዘዝለትም። የሰማውን ነው መከተል ያለበት።

ከማሳቹሴትስ ለንደን 5,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰሜኑ አገር በጋ፣ ማለትም በጁላይ፣ 20 ሜትር ወደ አውሮፓ ሌሊቱን ሙሉ ሊከፈት ይችላል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ፈተናም ነው። 20 ሜትር ላይ የሚሠራው ሰው ሰልፉ አያልቅበትም፤ መነሳት አያምረውም። ነገር ግን 40 እና 80 ሜትር ወደ ሩቅ አገር የሚሠሩት በጨለማ ነው። ቀን ላይ የአዮኖስፌር፣ ማለትም ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው አየር፣ ዝቅተኛው ንብርብር ሲግናላቸውን ይውጠዋል። ምዕራብ አውሮፓ ላይ በጁላይ ፀሐይ የምትወጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ማሳቹሴትስ ያኔ እኩለ ሌሊት ነው። ማሳቹሴትስ ከመሸ በኋላ፣ አውሮፓ ከመንጋቱ በፊት ያለችው ያች አጭር መስኮት ካመለጠች አውሮፓ በ80 ሜትር የሚገኘው ነገ ማታ ነው። ነገ ማታ ደግሞ ውድድሩ አልቋል። የያዙትን ጥሩ ሰልፍ ትቶ፣ ደካማ ሽቦና 100 ዋት ይዞ፣ ጫጫታ ወዳለበት ባንድ መውረድ ከባድ ውሳኔ ነው። ካልወረዱ ግን ደርዘን ማባዣዎች ይቀራሉ።

ከዚያ ድካሙ ይመጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በጄኔሬተር ድምፅ መካከል፣ ጆሮ ኤስን ከኤች መለየት ያቅተዋል፤ አንዷ ሦስት ነጥብ፣ ሌላዋ አራት ነጥብ ነች። አንድ ነጥብ ያመለጠችው ሰው የተሳሳተ ምልክት ይጽፋል። ዋጋዋን የሚያውቀው ሰኞ ነው።

ሎግ ሲመረመር

ውድድሩ እሑድ ጠዋት እንዳለቀ ሎጎቹ፣ ማለትም የግንኙነት መዝገቦቹ፣ ተሰበሰቡ። ከመላው ዓለም የተሳተፉ አማተሮችም የራሳቸውን ሎግ ቶሎ እንዲልኩ ተጠይቀው ነበር፤ ከእነሱ ጋር ስለሚመሳከር። አሠራሩ ቀላልና ጨካኝ ነው። ቡድኑ «ይህን ጣቢያ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ባንድ አገኘሁ» ካለ የዚያኛው ሰው ሎግም ያንኑ ማለት አለበት። ምልክቱ በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ግንኙነቱ ይሰረዛል፤ ቅጣትም ይታከልበታል። በተሳሳተው ምልክት የተገኘ የመሰለው ማባዣም አብሮ ይጠፋል።

ይህ የፍጥነት ልጓም ነው። በሰዓት 200 ሠርቶ የሚሳሳት ሰው 190 ሠርቶ ከማይሳሳተው በታች ሊወርድ ይችላል። «እርግጠኛ ነኝ?» ብሎ አንዴ መልሶ መጠየቅ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ሙያ ይህ ነው፤ በችኮላ መካከል ጥርጣሬን መስማት።

ውጤቱ ሰኞ ታወጀ። አንደኛ የወጡት ዳን ክሬግ እና ክሪስ ኸርልበርት የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነጥብ ይዘው። ሁለተኛ የስሎቫኪያ ቡድን፣ ሦስተኛ የጀርመን ቡድን ወጣ።

የአገሩ ሰዎች ያሸነፉት ሜዳው አድልቶላቸው ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ አልቀበለውም። አሜሪካውያን ቡድኖች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ከፊት አልተሰለፉም። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ደግሞ ከአትላንቲክ ማዶ መጥተው፣ አየሩን በተገላቢጦሽ አቅጣጫ እየሰሙ ነው የሠሩት። በአራት ዓመቱም፣ በ2018 ጀርመን ውስጥ ዊተንበርግ አካባቢ በተመሳሳይ ድንኳን ሲወዳደሩ ያሸነፉት ሊቱዌንያውያን ናቸው፤ አስተናጋጆቹ ጀርመኖች አይደሉም።

ያልተስተካከለው ነገር

ይህን ውድድር ብወደውም አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም እኩል ነው፤ ወደ ድንኳኑ የሚወስደው መንገድ ግን እኩል አይደለም። ተወዳዳሪዎቹ የተመረጡት በቀደሙት ዓመታት በታወቁ ውድድሮች ባስመዘገቡት ነጥብ ነው። በእነዚያ ውድድሮች ነጥብ የሚሰበስበው ደግሞ ጥሩ ጣቢያ ያለው፣ ወይም ጥሩ ጣቢያ ካለው ሰው ጋር የሚሠራ፣ ወይም ጥሩ ቦታ ድረስ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ የሚችል ሰው ነው። ታወሩን በር ላይ አስቀርተነዋል ስንል ታወሩ ቀድሞ ማን እንደሚገባ መርጦ ጨርሷል።

አዘጋጆቹም ያውቁታል። ለዚህ ነው ዓለምን በክልል ከፋፍለው ለየክልሉ ቦታ የመደቡት፤ አንድ አፍሪካዊ ከአውሮፓ ባለ ታወሮች ጋር ሳይሆን ከአፍሪካውያን ጋር እንዲነጻጸር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተጋባዥነትና በስፖንሰር የሚገቡ ቡድኖችም ነበሩ። የስፖንሰሩ መንገድ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ወጪው በሰው ላብ የተሸፈነ ውድድር ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ግን ይገባኛል።

አምስት ኪሎ ላይ ምን ይጠቅማል?

አንድ ቡድን በ100 ዋት፣ በ12 ሜትር ታወርና በሁለት ሽቦ ሚሊዮኖችን ነጥብ መሰብሰብ እንደሚችል ማሳቹሴትስ አሳይቷል። ይህ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክበብ የማይደረስበት ዕቃ አይደለም። አዲስ አበባ ደግሞ ማሳቹሴትስ የሌላት ነገር አላት። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስለምትገኝ 15 እና 10 ሜትር ከሰሜኑ አገር ይልቅ ይከፈቱላታል። ሮም 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለአውሮፓ ሁሉ አዲስ አህጉር፣ አዲስ ዞን፣ አዲስ አገር ናት።

በጁላይ የሚገጥማት ችግር ክረምቱ ነው። በሐምሌ ነጎድጓድ 80 ሜትር በመብረቅ ጫጫታ ይሞላል፤ እዚያ ሰዓት ማጥፋት አያዋጣም። ከላይ ያየነው ሒሳብ መልሱን ይሰጣል። ቀን ላይ 15 እና 10 ሜትር ሳይዘጉ ሰልፉን ማስተናገድ፣ ሲመሽ 20 እና 40 ሜትር፣ 80ን ደግሞ ሰልፉ በሳሳበት ሰዓት ለማባዣ ብቻ ለአሥር ደቂቃ ጎብኝቶ መመለስ።

ሥልጠናውን በተመለከተ ሁለት ሰው በአንድ ጣቢያ በየሰዓቱ እየተፈራረቁ ቢሠሩ ማሳቹሴትስ 59 ድንኳን ተክላ ያገኘችውን ነገር በትንሹ ያገኙታል። አንቴናው አንድ ነው፣ ኃይሉ አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው። ከውድድሩ በኋላ ሎጉን ከፍቶ በየሰዓቱ ስንት ግንኙነት፣ ስንት ማባዣ፣ ስንት ስሕተት እንዳለ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የአየሩ ለውጥ የሰዓቶቹን ቁጥር ስለሚያዛባ በሁለተኛው ቀን ተራቸውን መለዋወጥ አለባቸው፤ የ48 ሰዓቱ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ለዚህ የተመቸ ነው። ስሕተቱን ደግሞ አዘጋጆቹ ራሳቸው ከመረመሩ በኋላ ለየተሳታፊው በሪፖርት ይልኩታል፤ የትኛው ምልክት እንደተበላሸ፣ ትክክለኛው ምን እንደነበር በመስመር በመስመር ተጽፎ።